የብዝኃ ባህል ትምህርት ከየት ይጀምር? ከግሽ ዓባይ አካባቢ የተነሣ ሂሳዊ አስተያየት

በትምህርት ዓላማዎቻችን ውስጥ «የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ባህል ማክበር» እና «ከዓለም ሕዝብ ጋር ተግባብቶ መኖር» የሚሉትን ያህል ተደጋግሞ የሚጻፍ፣ በክፍል ውስጥ ግን እንደ እነርሱ ሳስቶ የሚቀርብ ዓላማ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ተግባር የጉድለቱን ምንጭ መመርመርና ከግሽ ዓባይ፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም አካባቢ ሁኔታ በመነሣት የማሻሻያ ሐሳብ ማቅረብ ነው።

1. መመሪያውና ክፍሉ

በመመሪያ በኩል ጉድለት አለ ለማለት አያስደፍርም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ወስኗል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዲያገኙ ደንግጓል። ዩኔስኮ በበኩሉ ለዓለም አቀፍ መግባባት ስለሚሰጥ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣውን ምክረ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2023 አሻሽሎ አጽድቋል።

ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ይታያል። ዕጩ መምህራንን በማስተማር ልምምድ ጊዜ ስንከታተል የምናገኘው አቀራረብ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። መምህሩ የብሔረሰቦችን አልባሳት የሚያሳይ ሥዕል ይሰቅላል፤ የምግቦችንና የጭፈራዎችን ስም በሰሌዳ ላይ ይዘረዝራል፤ ተማሪው ይገለብጣል። በፈተናም «ይህ ልብስ የየትኛው ብሔረሰብ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን የሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦች ቀንም በትምህርት ቤት ደረጃ ሲከበር ከዚሁ ትርኢት ብዙም አያልፍም።

ይህ አቀራረብ ሁለት ጉድለቶች አሉት። አንደኛ፣ ሕዝብ በልብሱ ብቻ ስለሚታይ ቋንቋው፣ አተዳደሩ፣ ንግዱና ከጎረቤቱ ጋር ያለፈበት ታሪክ ይዘነጋል። ሁለተኛውና የሚብሰው፣ ልጁ ራሱ ከትምህርቱ ውጭ ሆኖ ተመልካች ይሆናል። ብዝኃነት የሌሎች ጉዳይ ነው፤ የእኔ ቀዬ ግን ከጥንት ጀምሮ አንድ ወጥ ነው የሚል እምነት ያድርበታል።

2. በአካባቢው ያለው የትምህርት ቁሳቁስ

በዚህ አካባቢ ይህን እምነት የሚያፈርስ ማስረጃ በእጃችን አለ። በሰከላ ወረዳ የሚገኘውን የግሽ ዓባይን ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ፣ በ1770 ደግሞ ጄምስ ብሩስ ጎብኝተዋል። ተማሪው የእነዚህን ሰዎች ስም ይሰማ ይሆናል። ነገር ግን ብሩስ በምንጩ ዙሪያ ያገኘው ሕዝብ አገው እንደ ነበረ ስንቱ ተማሪ ያውቃል?

የጋፋት ቋንቋ ጉዳይ ከዚህም ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል። ጋፋትኛ በዓባይ ወንዝ ግራና ቀኝ ይነገር የነበረ የሴም ቋንቋ ነው። ብሩስ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን ወደ ልዩ ልዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች ሲያስተረጉም አንዱ ጋፋትኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ዎልፍ ሌስላው ቋንቋውን ለማጥናት ወደ አካባቢው በመጣ ጊዜ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ያገኛቸው ተናጋሪዎች አራት ብቻ ነበሩ። ዛሬ ተናጋሪ የለውም። በገዛ ምድራችን ላይ፣ በአያቶቻችን ዘመን አንድ ቋንቋ ጠፍቶ ሳለ ልጆቻችን ስለ ቋንቋዎች መከበር ከሥዕል ላይ ይማራሉ።

በአንጻሩ የአዊኛ ታሪክ ተስፋ የሚሰጥ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ አዊኛ ከእነዚያ ውስጥ አልነበረም። ከ1986ቱ ፖሊሲ በኋላ ግን በአዊ ዞን የመጀመሪያ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ለመሆን በቅቷል። ሰከላ ከአዊ ዞን ጋር ይዋሰናል፤ የሁለቱ ወገን ገበሬዎችም በገበያ ይገናኛሉ። በትምህርቱ ግን የአማርኛው ተማሪ ከጎረቤቱ ቋንቋ የሰላምታ ቃል እንኳ አይማርም። የጎረቤቱ ልጅ አማርኛን ሲማር የእኛ ልጅ ከእርሱ ምንም አለመማሩ ሚዛኑን የሳተ ነው።

3. ከምንጩ ወደ ዓለም

ዓለም አቀፍ ትምህርትም ከዚሁ ሥፍራ ሊነሣ ይችላል። በ1933 ዓ.ም. ቡሬ ከኢጣሊያ ጦር እጅ በወጣች ጊዜ ከኢትዮጵያውያን አርበኞች ጎን የሱዳን ወታደሮች ተዋግተዋል። የቡሬ ልጅ ሱዳንን በዚህ መንገድ ቢያውቃት የጎረቤትነት ትርጉም በቀላሉ ይገባዋል።

ከሁሉ በላይ ወንዙ ራሱ መምህር ነው። ከግሽ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ጣና ሐይቅ ይገባል፤ የናይል ተፋሰስም 11 አገሮችን ያገናኛል። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 ተስማምተው 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ሲከፋፈሉ ለኢትዮጵያ ድርሻ አልተዉም። ይህን እያንዳንዱ ተማሪ ሊያውቅ ይገባል። ከዚሁ ጋር የግብፅ ገበሬ ዝናብ በሌለበት ምድር በአንድ ወንዝ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር መሆኑንም ሊማር ይገባል። በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ወር በተመረቀው የሕዳሴ ግድብ መኩራትና የሌላውን ሥጋት መረዳት አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። ሁለቱን አጣምሮ የሚይዝ ተማሪ ካላፈራን ዓለም አቀፍ ትምህርት ሰጥተናል ለማለት አንችልም።

4. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንዳንድ መምህራን የክፍለ ጊዜው ማነስና የፈተናው ግፊት ለዚህ ጊዜ አይሰጥም ይላሉ። አባባሉ እውነትነት አለው። ስለዚህ አዲስ የትምህርት ዓይነት መጨመር ሳይሆን በአካባቢ ሳይንስ፣ በአማርኛና በኅብረተሰብ ትምህርት ውስጥ ያለውን ምሳሌ መለወጥ ይበቃል።

ሌሎች ደግሞ ያለፈውን ልዩነት መቀስቀስ ቁስል ያመረቅዛል ብለው ይሠጋሉ። ይህን ሥጋት በቀላሉ ልናልፈው አንችልም። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ተፈናቅለው በቻግኒ መጠለያ የሰፈሩትን ሰዎች አይተናል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በደረሰው ጦርነትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ከቤቱ ተፈናቅሎ ለመጣ ልጅ የአልባሳት ሥዕል መስቀል ግን መልስ አይሆነውም። በገዛ ዓይኑ ያየውን መምህሩ በዝምታ ቢያልፈው ሌላ ሰው፣ ምናልባትም በክፋት፣ ይተረጉምለታል። በዕድሜው ልክ ተመጥኖ፣ በማስረጃ ተደግፎ የሚሰጥ ትምህርት ከዝምታው የተሻለ መድኃኒት ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው በመነሣት ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። በአንደኛው ሳይክል ተማሪዎች በአማርኛ ትርጉም የማይገኝላቸውን የወንዝና የተራራ ስሞች ከሽማግሌዎች ጠይቀው ቢሰበስቡና የምን ቋንቋ ቅሪት እንደሆኑ ቢወያዩ፤ በአዋሳኝ ወረዳዎች ያሉ ትምህርት ቤቶች የጎረቤትን ቋንቋ ቢያንስ በሰላምታና በገበያ ቃላት ደረጃ ቢያስተምሩ፤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችም ዕጩ መምህሩ የተመደበበትን አካባቢ የሚያጠናበትን ተግባራዊ ሥራ በልምምድ ምዘናው ውስጥ ቢያካትቱ። ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ አዲስ መጽሐፍ እስኪታተምም መጠበቅ አያሻም። ጋፋትኛን የሚናገሩ አራት ሽማግሌዎች በነበሩ ጊዜ ሄዶ የመዘገባቸው ከሩቅ አገር የመጣ ምሁር ነበር። ዛሬ በየቀበሌው ያሉት ሽማግሌዎች የሚያውቁትን የመመዝገቡ ሥራ የእኛ ትምህርት ቤቶች ድርሻ ሊሆን ይገባል።