የሥራ ልብስና የክት ልብስ፤ ስለ ባለሱቆች የፎቶግራፍ ሥዕል

በየአገሩ ከተማ ትንንሽ ሱቅ ያላቸውን ሰዎች ፎቶግራፍ እያነሡ መጽሐፍ ማሳተም፥ ወይም በግድግዳ ሰቅሎ ለሕዝብ ማሳየት የተወደደ ሥራ ሆኗል። ዳቦ ጋጋሪው በምድጃው ፊት፥ ልብስ ሰፊው በመኪናው አጠገብ፥ ባለ ልኳንዳው ቢላዋውን እንደ ያዘ ይነሣል፤ ከሥዕሉም በታች ሱቁ የተከፈተበት ዘመን ይጻፋል። አሳቡ መልካም ነው። በትልልቅ ኩባንያዎች መካከል በላቡ የሚኖረውን ሰው ማክበር ማንም የሚነቅፈው ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ሊያከብር የተነሣ ሥዕል ሁሉ ያከብራል ማለት ስላልሆነ፥ ነገሩን ቀረብ ብሎ መመርመር ይገባል። ለዚህም በዚህ ዓይነት ሥራ ከሁሉ ይልቅ የተመሰገነውን የአሜሪካዊውን የኢርቪንግ ፔንን «ትንንሽ ሙያዎች» የተባለውን ሥራ መመልከት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዓመት ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።)

ፔን በ1917 ዓ.ም. ተወልዶ በ2009 ዓ.ም. የሞተ ሲሆን፥ ስሙን ያስጠራው «ቮግ» ለሚባለው መጽሔት የወይዛዝርትን የጌጥ ልብስ በማንሣት ነው። በ1950 ዓ.ም. በፓሪስ ሳለ፥ ሐር የለበሱት ሴቶች በሚነሡበት በዚያው ክፍል የከተማውን ሠራተኞችና ቸርቻሪዎች ከነሥራ ልብሳቸውና ከነመሣሪያቸው እየጠራ ያነሣ ጀመር። ከዚያም በለንደንና በኒው ዮርክ እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ ቀጠለበት። ባለ ልኳንዳዎች፥ ዓሣ ሻጭ፥ ኬክ ጋጋሪዎች፥ ኪያር ሻጭ፥ ፊኛ ሻጭ፥ ቢላዋ የሚስል ሰው፥ ሁሉም ምንም ነገር ባልተሣለበት ግራጫ መጋረጃ ፊት፥ ከመስኮት በሚገባ የቀን ብርሃን ቆሙ። በሎስ አንጀለስ ያለው የጌቲ ሙዚየም በ2008 ዓ.ም. ከእነዚህ ሥዕሎች 252ቱን ገዝቶ በማግሥቱ ዓመት ለሕዝብ አሳይቷል።

የሥዕሎቹ ውበት የሚያከራክር አይደለም። የሽርጡ እጥፋት፥ የጫማው አቧራ፥ በሥራ የሻከረው እጅ በዓይን የሚዳሰስ ይመስላል። ከዚህም በላይ ፔን ለወይዛዝርቱ የሰጠውን ብርሃንና ትዕግሥት ሳያጐድል ለዓሣ ሻጩ መስጠቱ ራሱን የቻለ ክብር ነው፤ በአንድ መጋረጃ ፊት ሁለቱ እኩል ሆነዋልና። ሊመሰገን የሚገባውን ያህል ከተመሰገነ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ዓሣው የሚመዘንበት ሚዛን የት ሄደ? ባንኮኒው፥ መደርደሪያው፥ በሩን ከፍቶ የሚገባው ደንበኛ፥ ወር ሲደርስ እከፍላለሁ ብሎ በዱቤ የወሰደው ጎረቤት ወዴት ናቸው? ባለሱቅን ባለሱቅ የሚያሰኘው የያዘው ዕቃ ብቻ አይደለም። አንድ ሥፍራ ተቀምጦ ሰው ሲመጣ የሚገኝ መሆኑ ነው። ፔን ሰውየውን ከሥፍራው አውጥቶ ከመጋረጃ ፊት ባቆመው ጊዜ፥ መልኩን አጉልቶ ንግዱን ደመሰሰበት። በመንገድ ዞሮ ለሚሸጠው ለፊኛ ሻጩ ይህ ብዙ አይጐዳውም፤ ሱቅ ላለው ሰው ግን የሕይወቱ ግማሽ ከሥዕሉ ውጭ ቀረ።

ፔን ራሱ የተናገረው አንድ ነገር ከሥዕሎቹ ይልቅ የሚያስተምር ነው። በሦስቱ ከተሞች የተጠሩት ሰዎች አመጣጣቸው ለየቅል ነበረ። የፓሪስ ሰዎች አንድ የተደበቀ ተንኰል ሳይኖር አይቀርም ብለው እየጠረጠሩ፥ ስለሚከፈላቸው ገንዘብ ሲሉ መጡ። የለንደን ሰዎች በሥራ ልብስ መነሣት የሚገባ ነገር ነው ብለው በሰዓቱ ደርሰው በኵራት ቆሙ። ከኒው ዮርክ ሰዎች ግን አንዳንዶቹ፥ በሥራ ልብሳችሁ ኑ ተብለው ሳለ፥ ጢማቸውን ተላጭተው፥ ጥቁር የክት ልብሳቸውን ለብሰው ከች አሉ። ፔን ይህን ሲያወራ ወደ ሆሊውድ የሚወስደው መንገድ የተከፈተላቸው መስሏቸው ነበር ብሎ ይቀልዳል፤ የሚሰማውም ሁሉ አብሮት ይስቃል።

ይሁን እንጂ ሊሳቅበት የሚገባው ማን እንደ ሆነ እንደ ገና ይታሰብ። ተላጭቶ የመጣው ሰው፥ ክብር ትቀበላለህ ቢሉት፥ ክብር የሚቀበል ሰው የሚለብሰውን ለበሰ። በእኛም አገር ወደ ፎቶግራፍ ቤት የሚሄድ ሰው ከሣጥኑ የክቱን አውጥቶ፥ ጠጕሩን አበጥሮ፥ ልጆቹን አጥቦ መሄዱ የታወቀ ነው፤ በሽርጥ ተነሣ ቢሉት እንደ ተናቀ ይቈጥረዋል። በማሊ አገር በባማኮ ከተማ በ1948 ዓ.ም. ፎቶግራፍ ቤት የከፈተው ሰይዱ ኬይታ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበረ። የአውሮጳ ልብስ፥ የእጅ ሰዓት፥ ሬዲዮ በቤቱ አስቀምጦ ለሚነሣው ሰው ያውሳል፤ ናሙና ሥዕሎችም በግድግዳ ለጥፎ አቋቋሙን ራሱ እንዲመርጥ ያደርግ ነበረ። በእርሱ ቤት የሚነሣው ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚነሣ ደንበኛ ነው፤ ደንበኛም ያዛል። በፔን ቤት ግን ገንዘቡ የተከፈለው ለሚነሣው ሰው ስለ ሆነ፥ አዛዡ መሣሪያውን የያዘው ሆነ። ባለሱቅን ሁሉ የሚያውቀው ይህ ሕግ በሥዕሉ ጊዜ በራሱ ላይ ተገለበጠበት።

እንግዲያስ ሁሉም በክት ልብስ ይነሣ ማለት ነውን? እንዲህ ቢሆን ኖሮ የባለ ልኳንዳውና የጸሐፊው ሥዕል አንድ በሆነ፥ ከሰባ ዓመት በኋላ የሚመለከተውም ሰው ስለ ሙያው ምንም ባልተማረ ነበር። ሽርጥ የሚናገረውን ጥቁር ልብስ ይሸሽጋል። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው፤ ከጭንቁም በተሻለ መንገድ የወጣ ሰው አለ።

ይኸውም በ1876 ዓ.ም. ተወልዶ በ1964 ዓ.ም. የሞተው ጀርመናዊው አውጉስት ዛንደር ነው። በ1928 ዓ.ም. ያነሣው ኬክ ጋጋሪ በሥራ ቤቱ መካከል፥ ነጭ ካፖርት እንደ ለበሰ፥ ጐድጓዳ የብረት ዕቃና ማማሰያ ይዞ ቆሟል። ሰውየው ወፍራም ነው፤ ራሱ መላጣ ነው፤ ዓይኑ ግን የሚመለከተውን ሰው «ምን ፈለግህ?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስላል። ልብሱ የሥራ ልብስ ነው፤ አቋሙ ግን የክት ልብስ የለበሰ ሰው አቋም ነው። ዛንደር ሰዎቹን በድንገት አላነሣቸውም፤ ተዘጋጅተው፥ ቀጥ ብለው፥ በገዛ ቤታቸው ወለል ላይ ቆመው ነበርና። በአንዲት ሥዕል ውስጥ ሙያውም ሥፍራውም የሰውየው ፈቃድም ተገኙ። የሚያስደንቀው ደግሞ ዛንደር ማንንም ላወድስ ብሎ አለመነሣቱ ነው። አሳቡ የጀርመንን ሕዝብ ከገበሬው ጀምሮ በሰባት ክፍል መድቦ በሥዕል ማሳየት ነበር። ከዚሁ ሥራው 60 ሥዕሎችን መርጦ በ1929 ዓ.ም. «የዘመኑ ፊት» ብሎ አሳተመ። የናዚ መንግሥት ግን በ1936 ዓ.ም. የመጽሐፉን የማተሚያ ሰሌዳዎች አጠፋ፤ የቀሩትንም ቅጂዎች ወረሰ። ሰውን እንዳለ ያሳየ ሥዕል ለሚያስፈራው መንግሥት ያስፈራዋል።

ሱቁን ያለ ባለሱቁ ያነሡም አሉ። ከእነርሱ ዋነኛው በፓሪስ የኖረው ኤዠን አትዤ ነው። በ1899 ዓ.ም. ገደማ በመንገድ የሚሸጡትን ሰዎች አንሥቶ ነበር፤ በኋላ ግን ፊቱን ወደ ሱቆቹ በርና መስኮት አዞረ። በ1908 ዓ.ም. ባነሣው በአንድ የመጠጥ ቤት በር መስታወት ውስጥ የሰዎች ፊት፥ ከዚያም ጋር የገዛ መሣሪያው ጥላ አብሮ ይታያል። በ1927 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ አሜሪካዊቱ በረኒስ አቦት ከሥራው ብዙውን ገዝታ ወደ ኒው ዮርክ ወሰደችው፤ እርስዋም በፈንታዋ የዚያችን ከተማ ሱቆች ታነሣ ጀመር። ስለ እርስዋ ኋላ ይመጣል።

በዚህችው በኒው ዮርክ ጀምስና ካርላ መሬይ የተባሉ ባልና ሚስት በ2008 ዓ.ም. ስለ ሱቆች ፊት አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ ከላይ ከተነገሩት ሁሉ በሥዕል ጥበብ ያንሳል፤ ቀለሙ ደማቅ ነው፥ አነሣሡም ሁልጊዜ ፊት ለፊት ስለ ሆነ ጥቂት ገጽ ከተገለጠ በኋላ ይሰለቻል። ነገር ግን ሌሎቹ ያላደረጉትን አንድ ነገር አድርጓል፤ ባለሱቆቹን ጠይቆ ቃላቸውን ጽፏል። አባቱ ወይም አያቱ ሱቁን እንዴት እንደ ከፈተ፥ ኪራዩ እንዴት እንደ ናረ፥ ከሁሉም ይልቅ የቤቱ ባለቤት ራሱ ነው ወይስ ሌላ የሚለውን አንባቢ ከአንደበታቸው ይሰማል። ሱቅ የሚኖረውም የሚጠፋውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በመጨረሻው ነገር እንደ ሆነ ከመጽሐፉ በግልጥ ይታያል፤ በገዛ ቤቱ የሚነግድ ይቈያል፥ ተከራዩ ውሉ ሲያልቅ ይወጣል። ይህን የሚነግር ፎቶግራፍ የለም። የቱንም ያህል የተዋበ በር ቢሆን የኪራይ ውሉ በላዩ አይነበብም። ስለዚህ የመሬይ መጽሐፍ በጥበብ ቢያንስም በእውነት ይበልጣል ማለት ተገቢ ነው።

ጕድለቱ በርእሱ ላይ ነው። «እየጠፋ ያለው የኒው ዮርክ ፊት» ብሎ ሰየመው። በሕይወት ላለ ሰው የሙሾ ግጥም ማዘጋጀት ደግ ነገር አይደለም፤ ባለሱቁ ገና በሩን ከፍቶ ሲጠብቅ፥ ተመልካቹ አልቅሶለት ያልፋል። እንዲህ ያሉትን ሥዕሎች የሚወድድ ሰው ብዙ ጊዜ መጽሐፉን በመደርደሪያው አስቀምጦ እህሉንና ሳሙናውን ከትልቁ ኩባንያ መደብር ይገዛል። ሥዕሉን የሚያዘጋጁትም ሰዎች ይህን ቢያስቡበት፥ የሱቁን አድራሻና የሚሸጠውን ዕቃ ከምስጋናው ቃል በፊት ቢያስቀድሙ፥ ባለሱቁ የበለጠ ባመሰገናቸው ነበር።

በረኒስ አቦት በ1937 ዓ.ም. በብሊከር መንገድ፥ ቍጥር 259፥ የአንድ የጣሊያን ቤተ ሰብ ዳቦ ቤት የመስታወት መስኮት አነሣች። በመስኮቱ ውስጥ ዳቦው ረጅሙም ክቡም ተደርድሮ እስከ ላይ ሞልቷል፤ ቅርፊቱ ሲሰበር የሚሰማ ይመስላል። ሥዕሉ በመጻሕፍት ብዙ ጊዜ ታትሟል፤ ከዚያች ከተማ ውጭ ያሉ ሰዎችም ያውቁታል። ዳቦ ቤቱ በ1924 ዓ.ም. ተከፍቶ፥ ሥዕሉ ከተነሣ በኋላ ስልሳ ሰባት ዓመት ያህል ሲጋግር ቈይቶ፥ በ2004 ዓ.ም. ተዘጋ።