ጅራት የሌለው አይሮፕላንና የሶዶ ሜዳ

ጅራት የሌለውን አይሮፕላን ከምድር ለማስነሣት የፊተኛውን እግር ማስረዘም ይበቃል የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አሳብ አንስማማም።

ጅራት ያለው አይሮፕላን አፍንጫውን ቀና የሚያደርገው ኃይል ከክብደቱ መካከል ርቆ ስለሚሠራ ጥቂቱ ይበቃዋል። ጅራት የሌለው ግን በክንፉ የኋላ ጠርዝ ባሉት መቈጣጠሪያዎች ብቻ ይሠራል፤ ርቀቱም አጭር ነው። መቈጣጠሪያዎቹ ወደ ላይ በታጠፉ መጠን ክንፉ የሚያነሣው ኃይል ይቀንሳል። ሊነሣ የፈለገው ራሱን ወደ ምድር ይጫናል ማለት ነው! ስለዚህ ዋናዎቹ መንኰራኵሮች ከክብደቱ መካከል በጥቂቱ ብቻ ወደ ኋላ ይቀመጡ፤ እጅግ ከተጠጉ ደግሞ አይሮፕላኑ ቆሞ ሳለ በጅራቱ በኩል ይወድቃል።

የአሜሪካው ቮውት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1948 ለመጀመሪያ ጊዜ ያበረረው ከትላስ ክንፉ ገና በምድር ሳለ ቀና እንዲል ረጅም የፊት እግር ተሰጠው። እግሩ እየተሰበረ አብራሪዎችን ጐዳ።

ወላይታ ሶዶ ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በዚያ ከፍታ አየሩ 18 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ነፋስ በሌለበት ቀን የመነሻው ፍጥነት 10 በመቶ፣ የእንቅስቃሴው ጉልበት 22 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ሁሉ ፍጥነት ለመቈጣጠሪያዎቹ ተጨማሪ ኃይል አይሰጥም፤ የሳሳው አየር ይበላዋልና። የሚበዛው በእግሩ ላይ የሚወርደው ድብደባ ነው። ከዳሞታ ሥር ባለ ሻካራ ሜዳ ላይ ረጅሙን እግር የሚመርጥ ተማሪ ስሌቱን ያሳየን።