ጋይንት የሌለበት ሴባስቶፖል

ቸርችል ጎዳናን ወደ ፒያሳ ስትወጡ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምታገኙት የሴባስቶፖል ቅጂ ለኔ ግማሽ ሐውልት ነው። ጋይንት የለበትም።

ዋናው መድፍ በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ነው። ስለሱ ስናወራ የምናወራው ስለ ጋፋት ምድጃና ስለ ነጮቹ ሚስዮናውያን ነው። በኛ የሶፍትዌር ሥራ ግን «እኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል» የሚል ሰው ይሳቅበታል፤ ፈተናው ማድረሱ ላይ ነዋ! ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነስቶ በጋይንት፣ በጨጨሆ አድርጎ፣ የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀበት፤ ከ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት። መንገድ ስላልነበረ ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ ንጉሡም በእጁ እየሠራ፣ እየቀደዱ ነው የሄዱት። ይባስ ብሎ ሊወጋው የመጣው የናፒየር ጦር ወደ በሽሎ የወረደው በዚሁ መንገድ ነው።

አደባባዩ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ገመዱን የጎተተው ሰው የለም። በነዚያ ዓመታት ጎተራው የተዘረፈው፣ ቤቱ የተቃጠለው የበጌምድር ገበሬም የለም። መድፉን ብቻ ነው ያቆምነው፣ እሱም ታጥቦ ጸድቶ።