ከሥዕላዊ ትእዛዝ ወደ ጽሑፍ፦ «ስክራች» በትምህርት መሣሪያነቱ ሲመዘን

ለሕፃናት የኮምፒዩተር ፕሮግራም አሠራርን ለማስተማር ከሥዕላዊ መሣሪያ መጀመር ይሻላል ወይስ በቀጥታ ከጽሑፍ? ይህ ጥያቄ መምህሩንም ሆነ ዕቅድ አውጪውን ይመለከታል።

የጉዳዩ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ የተሠራው «ሎጎ» ነው። ሲይሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ ሕፃናት «ኤሊ» እያዘዙ ቅርጽ እንዲስሉ አደረጉ፤ ይሁን እንጂ ትእዛዙ በፊደል የሚጻፍ ስለ ነበረ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ሥራው ይቆም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በሚቸል ሬዝኒክ የሚመራው ቡድን ያወጣው «ስክራች» ግን ትእዛዛቱን በቀለምና በቅርጽ በተለዩ ብሎኮች አቀረበ። ሕፃኑ ብሎኮቹን መርጦ ያያይዛል፤ የማይስማሙት አይገጥሙም።

የመሣሪያው ዋና ብልጫ ሁለቱን ችግሮች መለየቱ ነው። በሳንሱሲ የሚኖር የ4ኛ ክፍል ተማሪ በጽሑፍ ቢጀምር፣ የሥራውን ቅደም ተከተል ከማሰቡ በፊት ከእንግሊዝኛ ቃላት፣ ከቅንፍና ከነጥብ ጋር ይታገላል። ስክራች በአማርኛም የቀረበ በመሆኑ ይህን ሸክም ያቃልላል፤ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱም ይጠቅማል። ነገር ግን አማርኛ ግሡን በመጨረሻ ስለሚያስቀምጥ «10 እርምጃ ሂድ» እንጂ «ሂድ 10 እርምጃ» አይልም። ስለሆነም መምህሩ የብሎኮቹን ቃላት በተማሪው አነጋገር አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል።

ዋናው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ስክራች የአጻጻፍ ስሕተትን አስቀድሞ ይከላከላል እንጂ ስሕተትን አንብቦ ማረምን አያስተምርም። በቀድሞው የአብነት ትምህርት ተማሪው ፊደል ቆጥሮ ንባብ ይማር ነበር፤ ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ስለ ነበረ ብዙው አንባቢ ጸሓፊ ሳይሆን ይቀር ነበር። ብሎክ ማያያዝም ንባብን ይመስላል፤ በፊት የቀረበውን መለየት እንጂ ከአእምሮ አውጥቶ መጻፍ አይደለም።

በመሆኑም መሸጋገሪያው አብሮ ሊታቀድ ይገባል። ለምሳሌ ካሬ ለመሣል ተማሪው በመጀመሪያ ብሎኮቹን ያያይዝ፤ ቀጥሎ «4 ጊዜ ድገም፤ 100 እርምጃ ሂድ፤ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ ዙር» ብሎ በደብተሩ ይጻፍ፤ በኋላም ያንኑ ካሬ በ«ፓይተን» ይሥራ፤ የሎጎ ኤሊ በዚያም ትገኛለችና። የደብተሩ እርምጃ ኮምፒዩተር ተራ ለሚጠበቅበት ክፍልም ይመቻል።

ከሥዕል መጀመር ትክክል ነው፤ በሥዕል መቅረት ግን ሕፃኑን ከደጃፍ መመለስ ይሆናል።