የአውሬ ዓይን በፎቶ ላይ ሲታረም

ሐረር ላይ ከጀጎል ግንብ ውጪ ማታ ጅብ ሲመገብ የሚነሱ ፎቶዎች አብዛኞቹ የሚጋሩት ችግር አለ። ፍላሹ ቦግ ሲል የጅቡ ዓይን አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ፎቶ አንሺው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ፈጥኖ የሚመጣለት መፍትሔ ያንን ብርሃን በጥቁር መድፈን ነው። ከዚያ በኋላ ፎቶው ላይ የሚቀረው ሁለት ጉድጓድ ያለው ፊት ነው።

እርማቱን ለመመዘን ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ጅብ፣ አንበሳ፣ ውሻ፣ ድመት፣ ላምና ፍየል ከሬቲናቸው ጀርባ ታፔተም ሉሲደም የሚባል ብርሃን መላሽ ሽፋን አላቸው፤ በጨለማ የሚያገኙትን ጥቂት ብርሃን ሁለት ጊዜ ይጠቀሙበታል። ሰው ይህ ሽፋን የለውም። የሰው ዓይን በፍላሽ የሚቀላው ከኋላ ያለው በደም ሥር የተሞላ ክፍል ስለሚታይ ነው፤ ለሰው የተሠራው የቀይ ዓይን ማጥፊያም በጅብ ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2015 የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራሙን ላይትሩም 6ን ሲያወጣ ለቤት እንስሳት የተለየ ማስተካከያ አከለበት። ሰው ሠራሽ የብርሃን ነጥብ መጨመሪያም አብሮ ገባ፤ ብዙ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

በሕያው ዓይን ላይ የምትታየው ያቺ ነጭ ነጥብ የብርሃኑ ምንጭ ነጸብራቅ ናት። ፀሐይ ከግራ ከመጣች ነጥቧ በሁለቱም ዓይኖች ላይ ወደ ግራ ታዘነብላለች፣ የአፍንጫው ጥላም ወደ ቀኝ ይወድቃል። ደመናማ ሰማይ ሰፊና ለስላሳ ነጸብራቅ ይተዋል፤ የስቱዲዮ መብራት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባለ አራት ማዕዘን። በደመናማ ቀን በዱር በተነሳ አንበሳ ዓይን ውስጥ ፍጹም ክብ የሆነች፣ ጠርዟ የተሳለ ነጥብ ከታየች ጥርጣሬ ተገቢ ነው። ማይካ ጆንሰንና ሃኒ ፋሪድ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በሰው ዓይን ላይ ያሉትን እነዚህን ነጸብራቆች በመለካት የተቀናበረ ፎቶን ማጋለጥ እንደሚቻል አሳይተዋል። ለአውሬም ፊዚክሱ ያው ነው።

ከነጥቧ የሚረቅ ምልክትም አለ። ብርሃን ኮርኒያን (የዓይኑን ግልጽ የፊት ሽፋን) ሲያልፍ ስለሚታጠፍ፣ በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለቀለም ቀለበት ይበልጥ የሚፈካው ከነጥቧ በተቃራኒው ወገን ነው። ጎበዝ አራሚ ያንን ወገን ብቻ በስሱ ያፈካዋል፤ ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር ያለውን ጥላ አይነካም። ቀለበቱን ዙሪያውን እኩል ያበራ ሰው ግን ዓይኑን ከፊቱ ነጥሎ ያወጣዋል። እንዲህ ያለ ዓይን ከሩቅ ይማርካል፣ ሲጠጉት ግን ክብነቱን አጥቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ይገኛል።

እንስሳውን አለማወቅም ያጋልጣል። የድመት ብሌን በብርሃን ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይሆናል፤ የአንበሳና የነብር ግን ክብ ነው። የፍየልና የበግ አግድም የተዘረጋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በማርቲን ባንክስ መሪነት የወጣው፣ 214 የየብስ እንስሳት ዝርያዎችን ያነጻጸረው ጥናት እንዳሳየው፣ ሣር ሊግጡ ሲያጎነብሱም ዓይናቸው ይዞርና ብሌኑ ከመሬት ጋር ትይዩ እንደሆነ ይቆያል። ቀና ካለ ፍየል ላይ የተቆረጠ ዓይን አጎንብሶ በሚግጥ ፍየል ፊት ላይ ከተለጠፈ ወዲያው ያስታውቃል። የአንበሳ ደቦል ዓይን መጀመሪያ ሰማያዊ ግራጫ ነው፤ ወርቃማ ያደረገው አራሚ የእንስሳውን ዕድሜ ቀይሮበታል። ጭላዳ ደግሞ እንደ ሰው ታፔተም የለውም፤ ዓይኑ አረንጓዴ ሆኖ የሚያበራ ጭላዳ በፎቶ ላይ ከታየ ቀለሙን የጨመረው ሰው ነው።

የዓይንን ነጭ ክፍል ማንጣት ከሰው ፎቶ ቤት የመጣ ልማድ ነው። ለውሻና ለዝንጀሮ ሲደረግ ፊቱን የሰው ያስመስለዋልና በፍጹም አይመከርም።

መመዘኛው እንደ ፎቶው ዓላማ ይለያያል። ባለቤቱ ሳሎን ለሚሰቅለው የውሻ ፎቶ፣ በፍላሽ የጠፋን ብሌን ከሌላ ፎቶ ወስዶ መመለስ ነውር የለውም፤ ብርሃኑ ይጣጣም እንጂ። የተፈጥሮ ማስረጃ ሆኖ ለሚቀርብ ፎቶ ሕጉ ጥብቅ ነው። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚያዘጋጀው የዱር ሕይወት ፎቶ ውድድር ለመጨረሻው ዙር ካለፉት ተወዳዳሪዎች ካሜራው የቀዳውን ያልተነካ ፋይል ይጠይቃል። ማፍካትና ማደብዘዝ በልኩ ይፈቀዳል፤ ያልነበረን ነገር መጨመር ግን አይፈቀድም። የተሳለች የብርሃን ነጥብም ያልነበረ ነገር ናት።

ለሐረሩ ጅብ የሚሻለው እርማት ብርሃኑን ማጥፋት አይደለም። የጅብ ዓይን በሌሊት ማብራቱ እውነት ነው። የብርሃኑን ኃይል የብሌኑ ጠርዝ እስኪለይ ዝቅ ማድረግና አረንጓዴውን በመጠኑ መተው ይበቃል። ቀድሞ የሚያስብ ፎቶ አንሺ ደግሞ ፍላሹን ከሌንሱ ያርቃል፤ ብርሃኑ በመጣበት አቅጣጫ ስለሚመለስ ካሜራው ውስጥ የሚገባው ያንሳል።

ፎቶ የሚገዛ ወይም የሚሸልም ሰው መጀመሪያ ምስሉን አሳንሶ ይየው፤ ከፊቱ ቀድሞ ዓይኑ ብቻ ከታየው እርማቱ በዝቷል። ቀጥሎ አጉልቶ የዓይኑንና የፀጉሩን ጥራት ያወዳድር፤ ፀጉሩ ፍርፍር የሚል ሆኖ ዓይኑ ብቻ እንደ መስታወት ከጠራ እጅ ገብቶበታል። ጥርጣሬው ካልለቀቀው ዋናውን ፋይል ይጠይቅ።