ልጅና ወላጅ በአንድ ክፍል

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላስጨነቃቸው ታዳጊዎች ከሚሰጡ ሕክምናዎች መካከል አሠራሩን ባየሁት ቁጥር የሚያስደንቀኝ አንድ አለ። ልጁን አስገብቶ ወላጁን በር ላይ አያስጠብቅም። እናት፣ አባት ወይም አሳዳጊ ከልጁ ጎን ይቀመጣል፤ ሌሎች ቤተሰቦችም አብረው አሉ፤ ሁሉም ያንኑ ትምህርት ተምሮ ያንኑ የቤት ሥራ ይዞ ይሄዳል።

መሠረቱን የጣሉት ሲያትል የሠሩት የሥነ ልቦና ሊቅ ማርሻ ሊነሃን ናቸው። አምስተርዳምም በታሪኩ ውስጥ ድርሻ አላት፤ 58 ሴቶች የተሳተፉበት የዚሁ ሕክምና ሙከራ እዚያ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። ለታዳጊዎች ያመቻቹት አሌክ ሚለርና ጂል ራተስ ናቸው፤ ወላጆችን ያስገቡትም እነሱ። ዛሬ በኔዘርላንድ የወጣቶች የአእምሮ ሕክምና ውስጥም ይሠራበታል።

ጠጋ ብለን እንየው። ክፍሉን የሚመሩት ሁለት ባለሙያዎች ናቸው። አንዱ ሲያስተምር ሌላው ፊት ያነባል፤ እንባ ያቀረረችውን ልጅ፣ ክንዱን አጣምሮ ዝም ያለውን አባት ያያል። ማንም ራሱን እንዴት እንደጎዳ በቡድኑ ፊት አይተርክም፤ ያ ከግል ሐኪሙ ጋር የሚነሳ ጉዳይ ነው። ደንቡ ሥቃይን ለማፈን አልወጣም፤ የአንዱ ቁስል ለሌላው አርአያ እንዳይሆን ይጠብቃል። ስልኩም ታስቦበታል። ልጅ ሲጨንቀው ለግል ሐኪሙ ይደውላል፤ ወላጅ ምክር ሲያሻው የሚደውለው ግን ለቡድኑ መሪ ነው። መስመሩ አንድ ቢሆን ኖሮ ልጁ "ከእናቴ ጋር ስለ እኔ ምን አወሩ?" እያለ ሐኪሙን መጠርጠር ይጀምር ነበር። እንዲህ ያለው ስፌት ከላይ አይታይም፤ ልብሱን የያዘው ግን እሱ ነው።

እጅግ የረቀቀው ሥራ ያለው "መካከለኛው መንገድ" በተባለው ትምህርት ላይ ነው። ልጃቸው አንድ ሌሊት ያስደነገጣቸው ወላጆች ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይይዛሉ፤ ወይ መውጣት መግባቱን ሁሉ ይከለክላሉ፣ ወይ "እንዳይከፋው" ብለው ሁሉን ይለቁለታል። መሪዎቹ አንዱንም አይነቅፉም፤ ሁለቱም ከፍርሃት እንደሚመጡ አሳይተው ሦስተኛ መንገድ እዚያው ያፈላልጓቸዋል። አደገኛ ነገርን ከቤት ማስወገድ ግን ለድርድር አይቀርብም።

የልጅን ስሜት መቀበልም እንደ ሙያ ይለመዳል። እኛ ቤት መከራ አይቶ የተሰደደ ወላጅ "ምን ጎደለህ? እኛ ስንቱን አሳልፈን!" ይላል፤ ክፋት የለበትም፣ ልጁን ግን ዝም ያሰኘዋል። በክፍሉ ውስጥ እናቲቱ ይህን ዋጥ አድርጋ "ይህን ሁሉ ብቻህን መሸከምህን አላወቅሁም" ማለትን ትለማመዳለች። መጀመሪያ ምላሷ ይተሳሰራል። ያኔ የሌላ ቤት ልጅ ከወዲያ ማዶ "እናቴ እንዲህ ብትለኝ እነግራት ነበር" ይላል። ከራሷ ልጅ ብትሰማው ወቀሳ ይሆንባት የነበረው ነገር ከሌላ ሰው ልጅ ሲመጣ ይገባታል። ይህን ቦታ አስቀድሞ ያሰበለትን ሰው አከብራለሁ።

"ስለ ሞት ብጠይቀው ሐሳቡን እጭርበት ይሆን?" የሚለው የወላጅ ፍርሃትም መልስ አለው። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ በ2,342 ተማሪዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት በቀጥታ መጠየቅ ጭንቀትንም ሆነ ሐሳቡን እንደማይጨምር አሳይቷል። ሕክምናው ራሱ ኖርዌይ ውስጥ 77 ታዳጊዎች ለ19 ሳምንታት በተሳተፉበት ሙከራ ተመዝኗል፤ ራስን መጉዳትንም፣ ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብንም ከተለመደው እርዳታ ይበልጥ ቀንሷል።

አምስተርዳም፣ ሮተርዳምና ዴን ሃግ ላሉ ሐበሾች አንድ የምለምነው አለኝ። የወላጅ ደች አልበቃ ሲል ልጁ እንዲያስተረጉም አይደረግ። ስለ ራሱ ሞት የሚወራውን ለእናቱ ተርጓሚ ሆኖ ሊያቀርብ አይገባም፤ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ሙያው ማስተርጎም የሆነ ሰው ይጠየቅ። ተራ እስኪደርስ ለሚጠብቅም፣ ዛሬ ማታ ለሚጨነቅም፣ ለልጁ ለሚሰጋም 113 አለ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ያን ሞከንስቶርም እ.ኤ.አ. በ2009 የመሠረተው ድርጅት ነው። በ113 ወይም በነፃው 0800-0113 ቀንም ሌሊትም ይመልሳሉ፤ ስም አይጠይቁም። ሕይወት አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ 112 ይደወላል።