ስለ አስተናግር፤ ስምና መጠን በመድኃኒት ዝርዝሮች ውስጥ

በየመንገዱ ዳርና በየጓሮው ሳይዘሩት የሚበቅለው አስተናግር፣ በሌላ ስሙም አጤ ፋሪስ፣ ስለ አገር ባህል መድኃኒት በሚወጡት ጥናቶች ውስጥ ደጋግሞ ይገኛል። የአብዛኞቹ ዝርዝሮች አጻጻፍ አንድ ዓይነት ነው፤ አስቀድሞ የተክሉ ስም፣ ቀጥሎ የሚያገለግለው ክፍል፣ በመጨረሻም የሚፈውሰው ሕመም ይሰፍራል። ቅጠሉ ለፎሮፎርና ለራስ ቁስል፣ የፍሬው ጢስም ለጥርስ ሕመም ይባላል። ይህ አመዘጋገብ ጥቅም ያለው ቢሆንም፣ ከዕውቀቱ ግማሹን ይዞ ግማሹን የሚጥል ነው።

የተጣለው ግማሽ በስሙ ውስጥ ይገኛል። «አስተናግር» ከመናገር ጋር የተዛመደ ቃል ሲሆን፣ የቀመሰውን ሰው የሚያስለፈልፍ መሆኑን ያመለክታል። እንግዲህ ስሙ የያዘው ፈውሱን ሳይሆን ጉዳቱን ነው። በሌላም አገር እንዲሁ ሆኗል። በ1676 እ.ኤ.አ. በቨርጂኒያ፣ በጄምስታውን ከተማ፣ ወታደሮች ቅጠሉን ቀቅለው በልተው ለ11 ቀናት አእምሯቸውን እንደ ሳቱ ሮበርት ቤቨርሊ በ1705 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታሪክ ተርኳል፤ የተክሉ የእንግሊዝኛ ስምም ከዚያች ከተማ ስም የወጣ ነው።

የኬሚስትሪ ምርመራ ይህን ያጸናዋል። በተክሉ ክፍሎች ሁሉ፣ ይልቁንም በፍሬው ውስጥ፣ ሂዮሲያሚን፣ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ አልካሎይዶች አሉ። እነዚህም አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ከሥራው ያግዱታል። በዚህ ምክንያት የሳንባ ቧንቧዎች ስለሚላሉ የቅጠሉ ጢስ በአውሮፓ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለአስም ይታዘዝ ነበር፤ አትሮፒንም ዛሬ በአንዳንድ ፀረ ተባይ መርዞች የተመረዘውን ሰው ለማዳን ያገለግላል። በዚያው ምክንያት ግን አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ሽንት ይታገዳል፣ አእምሮም ይቃዣል። መድኃኒቱና መርዙ ሁለት ነገሮች አይደሉም፤ የሚለያያቸው መጠን ነው።

መጠኑም በማንኪያ ወይም በእፍኝ የሚያዝ አይደለም። የአልካሎይዱ ብዛት እንደ ተክሉ ዕድሜ፣ እንደ ክፍሉና እንደ በቀለበት ስፍራ ይለያያል። ስለዚህ «ለጥርስ ሕመም» ብሎ የሚያቆም ዝርዝር ያልተሟላ ብቻ ሳይሆን፣ ካነበበው ሰው እጅ ሲገባ አደገኛ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ የዚህ ዓይነት ተክል ፍሬ ከእርዳታ ምግብ ጋር ተቀላቅሎ 5 ሰዎች መሞታቸውና በመቶ የሚቆጠሩ መታመማቸው፣ ነገሩ ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚተው አለመሆኑን ያሳያል።

ባለመድኃኒቶች ምሥጢራቸውን ስለሚጠብቁ መጠኑን ማግኘት አይቻልም የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ምክንያቱ እውነትነት አለው፤ ይሁን እንጂ መዝጋቢውን ነፃ አያወጣውም። መጠኑ ካልተነገረው «አልተነገረም» ብሎ ሊጽፍ ይገባዋል። ከዚህም ጋር ለማን እንደሚከለከል፣ ከሰውነት ውጭ የሚቀባውን ከሚዋጠው ለይቶ፣ ሰው ሲመረዝ ምን እንደሚደረግለትም ጠይቆ ማስፈር አለበት። ስሙን ያወጡት ሰዎች ጉዳቱን አልደበቁም፤ የእነርሱን ዕውቀት እንመዘግባለን የሚሉ ሊቃውንት ሊደብቁት አይገባም።